ዋንዛሽና ጡሩንባዬ

ሉባባዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብዬ አልጀምርልሽም። ልጅሽ ከድጃ ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጀምረው ብላ ልትጽፍ ስትል እጇን ያዝኳት። አፈር የለበሰ ሰው ጤናው አይጠየቅም። ይልቅ አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ፣ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ጉልበቴ ይቆረጥመኛል እንጂ አፌ ደህና ነው። ከተለየሽኝ ሦስት ክረምት አለፈ። አሁን የአራተኛው ደመና ከአምባሰል ራስ ላይ መንጠልጠል ጀምሯል።

እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም። ውሸት አልናገርም፣ አንዲት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ እሷን ኋላ እነግርሻለሁ። እኔ እናገራለሁ፣ ከድጃ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ስሳደብም ጻፊው ብያታለሁ፤ እሱን እንጃ።

ይህን የማጽፍልሽ ናፍቆት ገድሎኝ አይደለም። ናፍቆቱንማ ለመድኩት። እንደ ጉልበቴ ነው፣ ሲዘንብ ይብሳል። የማጽፍልሽ ወሬው በሌላ አፍ እንዳይደርስሽ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ባለፈው ሰሞን ወደ እናንተ መጥታለች። መቃብራችሁ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ለየቅል ቢሆንም፣ እሷ አጥር የሚያግዳት ሴት አይደለችም። በሕይወት ሳለች እንኳ ወሬ ይዛ ማደር አትችልም ነበር። «ይመር ሰው ሳይሞት የለቅሶ ጡሩንባ ነፋ፣ ቅሬውም ጡሩንባውን ቀማው» ብላሽ ይሆናል።

እውነቷን ነው። ነፍቻለሁ። ተቀምቻለሁ። ለምን እንደነፋሁ ግን ከእኔ ስሚ።

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርሽ። ያ ስትረግሚው የኖርሽው የሚያፈሰው ጥግ ቆርቆሮው ተቀይሯል። ፍየልሽ መንታ ወልዳለች፤ አንዱ ግልገል ልክ እንዳንቺ የሰጡትን ሳይሆን የከለከሉትን ነው የሚበላው። ከድጃ ከደሴ ተመልሳ የልብስ ስፌቷን ከደጃችን ከፍታለች። ስትመጣ ጊዜ ምድጃሽን አፍርሳ ሌላ ልትሠራ ተነሳች፤ አይሆንም አልኳት። አልጋው ላይ ባንቺ በኩል እስከ ዛሬ አልተኛም። ሌላውን ሁሉ አንቺው እንዳሻሽ አድርጊው ብያታለሁ።

አሁን ወደ መናፈሻው።

አንቺ ካላስታወስሽው ማን ያስታውሰዋል! ያ ከአስፋልቱ ጀርባ ያለው፣ ሰው ሁሉ «ሰሃራ» የሚለው። ድሮ ሲመረቅ ሪባን የተቆረጠለት። አንድም ቀን ውሃ ያልተፋ ፏፏቴ፣ ምንቃሯ የተሰበረ የሲሚንቶ ሻላ። ሐይቁ ማዶ ሰማይ መስሎ ተኝቶ፣ መናፈሻው ከዚህ ወዲህ በጥም ይሞት ነበር። ሳሩ ነደደ፣ አበባው ነደደ፣ በዚያ በክፉው ጊዜ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩን ሰው ማገዶ አደረገው። አልፈርድም። ልጁ የራበው ሰው መናፈሻ አይናፈስም። የቀረው አቧራውና ባህር ዛፉ፣ ያንቺም ዋንዛ ነው።

ችግኙን ከእናትሽ አገር ከውጫሌ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያመጣሽው ቀን ሳቅሁብሽ። ሰሃራ ላይ ዛፍ? አልኩሽ። አንቺ ጉድጓዱን ቆፈርሽ። ውሃውንስ ከየት ታመጫለሽ ስልሽ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥሽ፤ በገበያ ቀን አንድ ጀሪካን ውሃ አጠገቡ ታቆሚና ለዙሁር ሰላት ውዱእ የሚያደርገውን ገበያተኛ ሁሉ «እዚህ ታጠቡ፣ እዚህ! ውሃችሁ ወደ ዛፉ ይውረድ!» እያልሽ ትጣሪ ነበር። ክርስቲያኑንም አልማርሽው። «አንተስ እግርህ አቧራ አይደለም? ና ታጠብ!» ትይው ነበር። ከእስጢፋኖስ ወደ ገበያ የሚወጡት ቄስ እንኳ አንድ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው እዚያች ድንጋይ ላይ እግራቸውን ሲታጠቡ ባይኔ አይቻለሁ። «ምን ላድርግ፣ ሴትዮዋ አታሳልፍም» አሉኝ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው እግሩን ታጥቦ ያጠጣውን ዛፍ፣ ማን የእኔ ብቻ ነው ሊል ይችላል?

ከድጃ ደብዳቤውን ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ቅሬ ምን እንደሆነ ተናገር ትለኛለች። ጉድ ነው! ቅሬ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰውም አለ? አዎ አለ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣውም ከዚያው ነው። ቅሬ የሰፈር ሰው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ ሟቹን የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው። ሌላው አገር እድር ይለዋል። እኔ የቅሬው ጡሩንባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እነፋለሁ፣ ሰውም ይወጣል።

የሰፈራችን ሰው ግቢ የለውም። ግማሹ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖር። ሰው ሲሞትበት ድንኳን የት ይተክላል? አስፋልት ላይ? ባጃጅ በለቅሶ መሐል እየጮኸ ሊያልፍ? እናም ዋንዛሽ ጥላ ከያዘ ወዲህ ቅሬያችን ድንኳኑን የሚተክለው ከሥሩ ነው። ያንቺንም ለቅሶ እዚያው ነው የተቀመጥነው። አበባው እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ንቡ ከላይ ሲያጉረመርም ሼኩ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ያን ቀን ለራሴ አንድ ነገር አልኩ። እኔ ቆሜ ሳለሁ የዚህ ሰፈር ሰው አስፋልት ላይ አይለቀስለትም አልኩ።

አምና በጋ መግቢያ ላይ አንዲት ልጅ እግር ኢንጂነር መጣች፣ ቤተልሔም ትባላለች። መናፈሻው እንደ አዲስ ሊሠራ ነው አለች። ሜትር ትዘረጋለች፣ ችካል ትተክላለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ታናግራለች። እኔ ከዋንዛው ሥር ጋቢዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ቦታ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

እቀመጣለሁ አልኳት።

«ሌላው ሰውስ?»

እሱም ይቀመጣል አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስሚ ልጄ፣ አልኳት፣ ሰሃራውን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ይህ ግን የቅሬ ቦታ ነው፣ የቅሬ ቦታ ብለሽ ጻፊ። ጻፈች። በደንብ ጻፊ አልኳት። «በደንብ ጽፌያለሁ፣ አባባ» አለችኝ።

ከእሷ ጋር ያልተጣላሁበት ነገር የለም። ባህር ዛፉ ይቆረጥ ስትል ጮህኩባት። ዛፍ ልትተክል መጥታ ዛፍ ትቆርጣለች ብዬ ሰው ሰበሰብኩ። እሷም አልፈራችኝም። ባህር ዛፉ ከዋንዛው አፍ ውሃ እየነጠቀ እንደሚጠጣ አስረዳችኝ። አሁን ተቆርጦ ሳየው ዋንዛሽ ባንድ ዓመት ውስጥ ቅጠሉ ሰፍቷል። አሸንፋኛለች። ፊት ለፊት ግን አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ከዋንዛው አጠገብ ታፔላ ተተከለ። ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ነጭ ጽሑፍ። ምን ይላል? ብዬ አልጠየቅሁም፣ ምን እንደሚል አውቃለሁና። እኔ አይደለሁ ያስጻፍኩት? ልቤ ሞላ። የመጣ የሄደውን ሁሉ ና እይ እላለሁ። አቧራውን በጋቢዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ይኸው፣ መንግሥት ቅሬያችንን በቆርቆሮ አጸደቀው እላለሁ። ያየው ሁሉ አንድ ጊዜ ታፔላውን አንድ ጊዜ እኔን ያይና፣ «እሺ አያ ይመር፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። ወላሂ አንድ ሰው አልነገረኝም። ይህን ሰፈር ለዚያ ይቅር አልለውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። አንዲት ሴት መጥታ ቧንቧ እንደማይመጣላት አጫወተችኝ። አንዱ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አለቀሰ። ሌላው መብራት ይጠፋል አለ። አንዱ ሚስቱን ከሰሰ። እኔም በእርጅናዬ ሰው አከበረኝ፣ ጥበቤን አውቆ ነው እያልኩ እየሰማሁ እመክራለሁ። ያን የሚስቱን ነገር እንኳ ጨርሼለታለሁ።

ከድጃ ከደሴ ስትመለስ፣ ሻንጣዋን ሳታወርድ መጀመሪያ ወደ ታፔላው ወሰድኳት። አነበበችው። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ፣ አይዞሽ ልጄ፣ እናትሽም ብታየው ደስ ይላት ነበር አልኳት። ለካ በሳቅ ነው የታፈነች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የቅሬ ቦታ አይደለምኮ የሚለው። የቅሬታ ቦታ ነው የሚለው።»

ልጅቷ ቅሬ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ሽማግሌው ቅሬታ በዝቶበት ነው ብላ ጽፋ ሄደች። እኔም ያን ሁሉ ቀን የአገሩን ብሶት ስሰማ ከረምኩ! ያኔ ብታይኝ ኖሮ አንቺም ከከድጃ አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጪ ነበር። ተቆጥቼ ቤት ገባሁ፣ ምሳም አልበላሁ። ታፔላውን ነቅዬ ልጥለው ተነስቼ ነበር። በኋላ ግን፣ ይቁም፣ እኔም ቅሬታ አላጣም አልኩና ተውኩት። በመተዌ አልሐምዱሊላህ።

ምክንያቱም ነገሩ ከፋ። ቤተልሔምን ወደ ሌላ ሥራ ወሰዷትና በምትኳ አንድ ሰውዬ መጣ። ከየትኛው ቢሮ እንደሆነ ከድጃ አልጽፍም ብላለች፤ ሰውዬው ራሱን ያውቃል። ፕላኑ ተቀይሯል አለን። ዋንዛው ባለበት ካፌ ይሠራል፣ መሬቱ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ዙሪያው ይታጠራል፣ በቲኬት ይገባል። ዋንዛውስ? ስንለው፣ ፍሬው ይጣበቃል፣ ሴራሚኩን ያበላሻል፣ ይቆረጣል አለ። ያን እኛ በልጅነታችን እየላስን ያደግነውን ፍሬ!

በደንቡ ሄድን። እኔ፣ የቅሬው ዳኛ አያ መኮንን፣ ቲማቲም የምትሸጠው ጦይባ፣ ሼኩም ጭምር። ሰውዬው ዛሬ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ኑ። ነገ ሄድን፣ መስክ ወጥቷል። ሲገኝ ደግሞ አንገቱን ሳያነሳ «ቅሬታ ካላችሁ በሚመለከተው ቦታ አቅርቡ» አለን። የሚመለከተው ቦታ የት ነው? ብንለው ስልኩ ጮኸለት።

አንድ ማለዳ ሱብሒ ሰግጄ ወደ ዋንዛሽ ስወርድ፣ ባለ ሞተር መጋዝ የያዙ ጎልማሶች ከፒካፕ ሲወርዱ አገኘሁ። ክፉዎች አልነበሩም። «እኛ የታዘዝነውን ነው፣ አባባ። ሻይ ጠጥተን እንጀምራለን» አሉኝ።

ሻይ እስኪጠጡ! ዛፉ ስንት ዘመን ያደገ፣ ዕድሜው አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀረው።

ወደ ቤት ሄድኩ። አልሮጥኩም፤ ጉልበቴ አያስሮጠኝም እንጂ ልቤ ከፊቴ ነበር። ጡሩንባዬን ከችንካሩ አወረድኩ። የቅሬያችንን ደንብ ታውቂያለሽ። ለሰው ሬሳ ካልሆነ በቀር ጡሩንባ አይነፋም። ለእሳት አይነፋም፣ ለሌባ አይነፋም፣ ለሰርግማ ጭራሽ። የሰማ ሁሉ እንዲወጣ ግዴታው ነው፣ የነፋም ውሸት እንዳይነፋ ግዴታው ነው። ይህን አውቄ ነው የነፋሁት። ሳያውቅ ነው፣ አብዶ ነው ያለሽ ካለ ዋሽቶሻል። ከደጃችን ቆሜ ደረቴ እስኪሰነጠቅ ነፋሁት። «ቅሬ ሆይ ውጣ! ከዋንዛው ሥር!» አልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም። ውሸት አልተናገርኩም።

ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ወንዱ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሴቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከወዲህም ከወዲያም «ማን ነው? ማን ነው?» እያለ መጣ። ከዋንዛው ሥር እኔ ብቻዬን ጡሩንባዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ማን ነው የሞተው?» አለች ጦይባ።

ማንም አልሞተም አልኳት።

ያን ጊዜ ውርጅብኙን ብትሰሚ! «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ሊጤን ጥዬ ነው የመጣሁት!» አለችኝ አንዷ። የወፍጮ ቤቱ ሙሔ ደግሞ፣ «የሰው እህል ከድንጋዩ መሐል ትቼ ነው የመጣሁት፣ ይመር! አንተ ካልሞትክ ዛሬ እኔ እገድልሃለሁ!» አለኝ። አንዲት አሮጊትማ መንገድ ለመንገድ ማልቀስ ጀምራ ስለነበር፣ እንባዬን መልስ አለችኝ።

አያ መኮንን በትሩን እየተመረኮዘ መጨረሻ ደረሰ። ሰው መንገድ ከፈተለት።

«ይመር፣» አለኝ፣ «ሬሳው የት ነው?»

በጡሩንባው ወደ ላይ አመለከትኩት። ይኸው ቆሟል፣ አልኩት። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ይወድቃል። ከዚህ በኋላ ለሚሞተው ሁሉ የት እንደምትቀመጡለት ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ቲኬት ቆርጣችሁ ካፌ ውስጥ ታለቅሱ እንደሆነ ንገሩኝና ጡሩንባዬን ይዤ ልግባ።

ሉባባ፣ አያ መኮንን አንጋጦ ቅርንጫፉን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ አነጠፈ፣ ተቀመጠ። ደንባችን ነው፣ የቅሬ ዳኛ ከተቀመጠ ተነሱ ሳይል ማንም አይነሳም። ሰፈሩ ሁሉ ተቀመጠ። ሙሔ እየተሳደበ ተቀመጠ። ባለ መጋዞቹ አፋቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ መሬት አልታያቸውም፣ ሰው ብቻ። አንደኛው ከሕዝቡ መሐል አክስቱን አገኘ። «አንተ እንዲህ ያለ ሥራ ጀመርክ?» አለችው። መጋዙን ፒካፑ ላይ መልሶ ከጎኗ ተቀመጠ።

ረፋድ ላይ ያ ሰውዬ በመኪና መጣ። ተቆጥቷል። «ይህ ምን የሚሉት ስብሰባ ነው? ቅሬታ ካላችሁ በሥነ ሥርዓቱ በሚመለከተው ቦታ አቅርቡ ብያችሁ የለም ወይ!»

ጦይባ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ እስቲ ቀና በልና ያንን አንብብልን። እኛ መሃይሞች ነን።»

ቀና አለ። ታፔላውን አየ። ልብ አላለውም ነበርና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የቅሬታ ቦታ» ብሎ አነበበው።

ለቅሶ ላይ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። ያቺ እንባዬን መልስ ያለችኝ አሮጊት ሳትቀር ሳቀች። ሰውዬው ፊቱ ደም መሰለ። «ማን ነው ይህን የተከለው?» ቢል፣ ሕዝቡ ባንድ አፍ «እናንተ!» አለው። እሱም ሰው ነውና ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሳቁን ዋጠና «እሺ። ተናገሩ» አለ። እዚያው፣ አቧራው ላይ፣ እኛ ተቀምጠን እሱ ቆሞ።

እኔም ተናገርኩ። ጌታው፣ እኛ መናፈሻ አይሠራ አላልንም አልኩት። አሥር ካፌ ሥሩ። እኛ ሀብታም የሚናፈስበትን ቦታ አልተመኘንም፤ እናንተም ድሃ የሚላቀስበትን አትንኩ። ይህን ዛፍ የተከለችው ሚስቴ ናት፣ ያጠጣው አገሩ ነው። ከቆረጣችሁት ነገም ጡሩንባ እነፋለሁ፣ ከነገ ወዲያም እነፋለሁ። ስሞት እንኳ ትንፋሼ ጡሩንባው ውስጥ ሳይቀር አይቀርም አልኩት።

ሰውዬው ስልክ ደወለ። ከሰዓት በኋላ ቤተልሔም ከደሴ በሚኒባስ መጣች። ከድጃ የቅሬውንና የቅሬታውን ነገር ስትነግራት ፊቷን በፕላኗ ሸፈነች። «በእኛ ሰፈር እድር ነው የሚባለው፣ አባባ! በሞቴ ይቅር ይበሉኝ!» አለች። በሞቴ የሚል ቃል እዚህ ቦታ አትናገሪ፣ ጡሩንባው እጄ ላይ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቢሮው ውስጥ ስለ እኛ የተሟገተችው እሷ ናት። እንዴት እንደተሟገተች አላየሁም፣ ውጤቱን ግን ተቀምጬበታለሁ።

አሁን ሰሃራሽን ብታይው አታውቂውም። ከዋንዛው ሥር ሴራሚክ የለም፣ ድንኳን የሚበቃ የአፈር ሜዳ ተትቷል። ዙሪያው አጥር አለው፣ በሩ ግን ቁልፍ የለውም። ካፌው ወደ ፏፏቴው ሄደ። ፏፏቴው እስከ ዛሬም ውሃ አልተፋም፣ እሱን ማንም አላሸነፈውም። ለሻላዋ ምንቃር ሠሩላት፣ ትንሽ ዶሮ ትመስላለች። ያንቺን የውዱእ ነገር ለቤተልሔም ነግሬያት ነበርና የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ከድንጋይሽ አጠገብ አስተከለች። ጭቃ ያመጣል ብዬ ተቃወምኳት። ለካ ከታጠበው ሰው እጅ የሚወርደው ውሃ በቦይ እየሄደ ዋንዛሽንና አዲሶቹን ችግኞች እንዲያጠጣ አስልታዋለች። አሁን ማንንም «እዚህ ታጠቡ» ብሎ መጣራት አያሻም። እኔ ግን እጣራለሁ።

ቅሬው ደግሞ በሳምንቱ እዚያው ተቀምጦ ፈረደብኝ። አያ መኮንን ፊቱን ሳይፈታ፣ «ይመር፣ ዛፉን አድነሃል፣ ደንቡን ግን ሰብረሃል። ዳግመኛ እንዲህ አላደርግም በልና ጡሩንባህን ያዝ» አለኝ። ሰው ሁሉ በል በል አለኝ። ሙሔ እንኳ ጎኔን ጎሸመኝ። ዳግመኛ ቢመጡ ዳግመኛ እነፋለሁ አልኩ። «ይመር» አለኝ አያ መኮንን፣ ለስለስ ብሎ። እነፋለሁ አልኩ። ውሸት ተናግሬ ጡሩንባ ከምይዝ እውነት ተናግሬ ባዶ እጄን ብቀር ይሻለኛል። እሱም ተነስቶ ጡሩንባውን ከእጄ ተቀበለ። ደንቡ ነው፣ አልቀየምኩትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቀማው ነበር። አሁን የሚነፋው ሙሔ ነው። የወፍጮ ዱቄት ሳንባውን በልቶት ትንፋሹ አጭር ነው፣ ሲነፋ የታነቀ በሬ ይመስላል። ግን ይሰማል።

ታፔላው አለ። ቤተልሔም ልቀይረው ስትል ሰፈሩ እንቢ አለ። አሁን ስለዚያች ፊደል ልንገርሽ። ከድጃን፣ ቅሬን ቅሬታ ያደረገችው ፊደል የትኛዋ ናት? አልኳት። አሳየችኝ። «ታ» ትባላለች። አንድ እግር አላት፣ በመስቀልኛ። በማግስቱ የቅሬ ስብሰባ ስለነበር ቆቤን አውልቄ በእሷ ላይ ሰቀልኩባት። ሰው እያየ ይስቃል። ለካ ሁለት «ታ» ኖራ፣ የሸፈንኩት የኋለኛይቱን ነው፤ ታፔላው «የቅሬታ ቦ» ሆኗል። ምን ታደርጊዋለሽ። አሁን ግን አልሳሳትም። ቅሬ ሲቀመጥ የፊተኛይቱን «ታ» በቆቤ እሸፍናታለሁ፣ ቅሬው ሲነሳ እገልጣታለሁ። ሌላ ፊደል አልማርም። ይህች ትበቃኛለች።

ሉባባዬ፣ ከድጃ እጇ ደከመ። በአላህ ሥራ ቅሬታ የለኝም፣ አስተግፊሩላህ። ባንቺ ግን አለኝ። ቀድመሽኝ ሄደሻል። አልጋውን አስፍተሽብኛል። ይህን ቅሬታዬን በየማለዳው ሱብሒ ሰግጄ፣ እጄን ከድንጋይሽ ላይ እየታጠብኩ፣ ታፔላው ሥር አቀርባለሁ። ውሃዬ ወደ ዛፍሽ እስኪወርድ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ሳልመጣ ከቀረሁ አልረሳሁሽም፣ መንገድ ጀምሬያለሁ ማለት ነው። ያን ቀን ሙሔ ያችን የታነቀች ጡሩንባውን ይነፋል። ሰው ከዋንዛሽ ሥር ይቀመጣል። ለከድጃ ነግሬያታለሁ፣ ይኸው በገዛ እጇ እየጻፈችው ነው፤ ቆቤን ይዛ ትሂድና የፊተኛይቱን «ታ» ትሸፍናት። ያን ቀን ቅሬታ የለኝም።

ባልሽ ይመር